የአፈር ብረት

«ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የምትባለዋን ሐረግ ምን ያህል እንደምጠላት የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት የጤፍ ዱቄት ማሸጊያ ላይ ታትማ ጠበቀችኝ። ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ ይላል። የማን ጥናት? ጤፉ ታጥቦ ነው ሳይታጠብ?

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ለ100 ግራም ጥሬ ጤፍ 7.6 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይሰጣል። ተመራማሪው ቃለአብ ባዬ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሰባሰበው ዳሰሳ ግን የቀይ ጤፍ ቁጥር ከ11.6 ተነስቶ ከ150 በላይ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ልዩነት በዝርያ ብቻ የሚያሳብብ ሰው ጤፍ ሲበራይ አላየም። አውድማው በእበት ቢለቀለቅም በሬዎቹ ሲዞሩ ከሰኮናቸው ሥር አፈር ይነሳል። ፍሬዋ ከአሸዋ ቅንጣት ስለማትበልጥ ነፋሱም ወንፊቱም አጥርቶ አይለያቸውም። አፈራችን ደግሞ ብረት አያጣም።

እነ በስራት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ጽፈውታል፤ የተጋነነው ብረት አብዛኛው ከአፈር የመጣ ነው ብለው። ማን ያንብበው! ትልቁ ቁጥር ዛሬም ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ይገለበጣል። ሃያ ዋቢ ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ሥሩን ስትቆፍሩት ብዙዎቹ አንድ አሮጌ ሰንጠረዥ ላይ ይገናኛሉ። አማካሪውም የዋቢውን ብዛት አይቶ ይፈርማል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ አልዳኑም። ስፒናች ብዙ ብረት አለው የተባለው አንድ የአስርዮሽ ነጥብ ያለቦታዋ ገብታ ነው የሚለውን ወሬ ስንቱ ምሁር ተቀባበለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክ ሳተን የተባለ እንግሊዛዊ የወንጀል ጥናት ምሁር ምንጩን ሲከታተል፣ የነጥቧ ታሪክ ራሱ ማስረጃ አጣ። በሰው ጥንቃቄ ጉድለት የሚሳለቁት ሳያጣሩ ነበር የሚሳለቁት! ፖሊስ ያስፈለገው ለዚህ ነው መሰለኝ።

የጤፍን ስም አጠፋህ የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እነሱ ይቆጡ፤ እኔ እንጀራዬን እበላለሁ። መረጃ ለሚፈልግ ተማሪ ግን አንድ ነገር ልንገረው። የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ስትገልጥ ወደ ብረቱ አትሩጥ፤ መጀመሪያ «አመድ» የሚለውን ተመልከት። እህሉ ተቃጥሎ የሚተርፈው ነው። ከሌሎች ናሙናዎች አለቅጥ ከበለጠ፣ የተለካው ጤፍ ከነአውድማው ነው።