ስሙን የማናውቀው አበባ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የባሕር ዳር ከተማና የጣና ዳርቻ በአበባ ይሸፈናል። በዚያን ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር የሚወጣ ሰው የእጅ ስልኩን አውጥቶ ያማረውን አበባ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። ቤት ገብቶ ሥዕሉን ሲመለከት ግን ከልጆቹ አንዱ «ይህ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «አበባ ነው» የሚል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ወር ገጻችን ያልታወቀውን ተክል ለማወቅ የሚረዳ ጥቂት ምክር ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል።

«ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር ጣና ራሱ መልስ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ አበባው ሐምራዊ፥ ከላይኛው የአበባ ቅጠሉም ላይ ቢጫ ነጥብ ያለበት፥ ለዓይን እጅግ ያማረ ተክል ነው። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨውም ሰዎች ስለ ውበቱ ከአገር ወደ አገር ስለ ወሰዱት ነው። ነገር ግን በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሆኖ ስለሚበዛ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋል፤ በውኃው ውስጥ ለሚኖረውም ፍጥረት ብርሃንና አየር ይከለክላል። የእምቦጭ የቅጠል አገዳ እንደ ስፖንጅ አየር ይዞ ያበጠ ነው፤ ሥሩም መሬት ሳይነካ ይንሳፈፋል። ሥሩን በጭቃ ተክሎ ቅጠሉን በውኃው ላይ የሚያነጥፈው የውኃ አበባ ግን ከእርሱ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው እምቦጩን ለጌጥ ብሎ ወደ ቤቱ አይወስድም፤ በአዲስ ቦታ ያየውም እንደ ሆነ ፈጥኖ ለአካባቢው የግብርና ሠራተኛ ያመለክታል።

እንግዲህ ተክልን ለማወቅ የመጀመሪያው ነገር ፎቶግራፉን በሚገባ ማንሣት ነው። ብዙዎቻችን አበባውን ብቻ ከፊት ለፊት እናነሣለን። ይህ ለመታሰቢያ ይበቃል፤ ለማወቅ ግን አይበቃም። አደይ አበባን እንመልከት። ሁላችንም አንድ ስም እንስጠው እንጂ በአገራችን ዝርያው ከአንድ በላይ ነው። ሊቃውንት ወገኑን «ቢደንስ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ይህም ስም የወጣለት ከአበባው ሳይሆን ከፍሬው ጫፍ ከሚወጡት ሁለት ጥርሶች የተነሣ ነው። ስለዚህ ቢጫ አበባውን ብቻ ያነሣ ሰው ዝርያን ከዝርያ የሚለየውን ፍሬና ቅጠል ትቶታል ማለት ነው።

ካሜራ ሳይኖር የቀደሙት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ በተጓዘበት ዘመን ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ኢጣልያዊ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ የሣላቸው የአገራችን ዕፀዋት ሥዕሎች ግን ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ማዕከል ይገኛሉ። ብሩስም ስለ ዕፀዋቱ ሲጽፍ ኮሶንና ዋጊኖስን በአገሩ ሰው አጠራር ጠርቷቸዋል።

እኛም የሠዓሊን ትጋት በመከተል ለአንድ ተክል አምስት ወይም ስድስት ፎቶግራፍ እናንሣ። በመጀመሪያ ተክሉን ከነቁመቱ፤ ቀጥሎ አበባውን ከፊትና ከጎን፤ ከዚያም ቅጠሉን ከላይና ከሥር፤ ቅጠሎቹ ከግንዱ ላይ ትይዩ ሆነው ወይም እየተፈራረቁ መብቀላቸው በሚታይበት አኳኋን፤ በመጨረሻም ፍሬውንና ዛፍ ከሆነ ልጡን ማንሣት ይገባል። መጠኑ እንዲታወቅ ከአጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ማስቀመጥ መልካም ነው። ፎቶግራፍ የማይዘውን ደግሞ በማስታወሻ እንጻፍ፤ ይኸውም ሽታው፥ ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣ መሆኑ፥ የበቀለበት መሬት ረግረግ ወይም ደረቅ እንደ ሆነ፥ ቦታውና ቀኑ ነው።

ከዚህ በኋላ በስልክ ላይ የሚሠሩ እንደ ፕላንትኔትና አይናቹራሊስት ያሉ መሣሪያዎች ይረዳሉ። እነዚህ መሣሪያዎች የእኛን ፎቶግራፍ ቀድሞ ከተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ፎቶግራፎች ጋር አስተያይተው የሚመስለውን ስም ያቀርባሉ። ነገር ግን ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተሰበሰበው ብዙ፥ ከእኛ አገር የተሰበሰበው ጥቂት ስለ ሆነ፥ የጣናን ተክል በመልክ በሚመስለው በሌላ አገር ተክል ስም ሊጠሩት ይችላሉ። ስለዚህ የሚሰጡን መልስ የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባውም።

ለጥቆ መጠየቅ የሚገባቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። በዘጌ ከቡናው ጥላ ሥር ያደጉ፥ ደንገሉን አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፥ በደብሩ ቅጽር ያለውን ዋንዛና ብሳና በስሙ የሚጠሩ አባቶችና እናቶች መጻሕፍት ያልመዘገቡትን ያውቃሉ። የአብያተ ክርስቲያናት ደንም ራሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው ከ160 በላይ የዛፍ፥ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ አግኝተዋል። ሆኖም በቅጽሩ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፥ ቅጠልም አለመቅጠፍ ይገባል።

የአገሬው ሰው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም የእንዶድ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ስለ ነበሩ ከዚህ ትልቅ ምርምር ተጀመረ። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ግን እንዶድን በስሙ ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

በዚህም ላይ አንድ ችግር አለ። አንዱ ተክል በየአገሩ ብዙ ስም ይኖረዋል፤ አንዱም ስም ለብዙ ተክል ይሰጣል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ የላቲን ስም ይሰጡታል። የሰማነውን የአማርኛ ስም ከላቲኑ ጋር ለማገናኘት የአቶ ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መዝገብ ይረዳል። ከዚህ በላይ ለሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ አለ። በእርሱም 6,000 ያህል ዝርያ ተመዝግቧል፤ ከአሥሩ አንድ የሚሆነውም በሌላ ምድር የማይገኝ ነው። የተክሎቹ ናሙናም ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ቤት ተቀምጧል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ስልክ በሰጠው ስም ብቻ ተማምኖ ማንም ሰው ያላወቀውን ፍሬ እንዳይበላ፥ ቅጠሉንም አፍልቶ ለሕፃን እንዳያጠጣ። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፥ አንዳንዶች እጸ ፋርስ የሚሉት አስተናግር አበባው እንደ መለከት ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለንተናው መርዝ ነው፤ ፍሬው ይልቁን የከፋ ነው። የጉሎ ፍሬም እንዲሁ ይገድላል። ልጆች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ተክሎች እነዚህ ናቸው። የበላ ሕፃን ቢገኝ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ፥ ተክሉንም ወይም ፎቶግራፉን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ቶሎ ያውቅበታልና።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ይበቃል። ልጁ ፎቶግራፉን ያንሣ፤ እናት ቦታውንና ቀኑን ትጻፍ፤ አያት ስሙንና ጥቅሙን ይናገሩ። አደይ አበባ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ይረግፋል፤ ለሚመጣው መስከረም ተመልሶ ይፈካል። የአያት ዕውቀት ግን ሳይጻፍ ካለፈ ተመልሶ አይገኝምና፥ ጥያቄው በዚህ ወር ቢጠየቅ ይሻላል።