ስለ አሮጌ አውቶሞቢልና በውስጡ ስለሚጫነው ውሻ

አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር አሳድሶ መያዝ ፥ ከኋላውም ውሻ ጭኖ መሔድ በከተማም በባላገርም የሚታይ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ የባለጸጋ ጨዋታ ነው ብሎ ይሥቃል ፤ ሌላውም ውሻ ከሰው ጋራ በአውቶሞቢል መሔዱን እንደ ነውር ቈጥሮ ፊቱን ያዞራል። እኛ ግን ነገሩ ሣቅም ቍጣም የሚገባው አይመስለንም ፤ የሚገባውስ ጥንቃቄ ነው። ስለ ጥንቃቄው ግን የሚናገር ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ዛሬ ሐሳባችንን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

አስቀድመን ስለ አውቶሞቢሉ እንናገር። ላንድሮቨር የሚባለው የእንግሊዝ አውቶሞቢል በመዠመሪያ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 በአምስተርዳም ከተማ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና 3 ዓመት ስለ ነበረ በእንግሊዝ አገር ብረት በመንግሥት ትእዛዝ እየተመጠነ ይሰጥ ነበር ፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ የአውቶሞቢሉን አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። የዣፓኑ ቶዮታም በ1951 የራሱን ዓይነት አወጣ ፤ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም የሰጠው ግን በ1954 ነው። ሁለቱም መንገድ ባልተሠራበት አገር ሐኪሙንና መሐንዲሱን ያደረሱ ስለ ሆኑ በአገራችን ስማቸው የታወቀ ነው። ጠንካሮች ከመሆናቸውም የተነሣ 40 ዓመት የሞላቸው ሁሉ ዛሬም ሲሠሩ ይታያሉ።

ነገር ግን ይህ ረጅም ዕድሜ ባለቤቱን ያታልለዋል። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ስለ ሆነ እንደ ብረት አይዝግም ፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነውና ጭቃና ውሃ ከውስጡ እየገባ ሳይታይ ይበላዋል። ባለቤቱ ቀለሙን አሳምሮ በአደባባይ ሲያቆመው አላፊ አግዳሚው ያደንቃል ፤ አጥንቱ እየተበላ መሆኑን የሚያውቅ ከሥር ተኝቶ የሚያይ መካኒክ ብቻ ነው። በቀድሞዎቹም ዓይነቶች አራቱም ፍሬኖች በታምቡር የሚሠሩ ናቸው ፤ ወንዝ ተሻግረው የረጠቡ እንደ ሆነ ኀይላቸው ይደክማል። ስለዚህ ገንዘቡን ከቀለም አስቀድሞ በፍሬንና በሻንሲ ላይ የማያወጣ ሰው አሮጌ አውቶሞቢል ባይይዝ ይሻለዋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ የታወቀ ነው። ይህን ውሳኔ መመርመር የዛሬ ጕዳያችን አይደለም ፤ ነገር ግን በእጁ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ብዙ ዘመን የሚይዘው ሰው እንዲበዛ ማሰብ አያዳግትም።

ወደ ውሻው እንመለስ። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ የተከለከለ መሆኑን ካህናቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ዳሩ ግን በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ሩቅ መንገድ ሲሔድ ውሻው አብሮ እንደ ተከተለው መጻፉን ያውቃሉና ፥ ውሻን የመንገድ ጓደኛ ማድረግ እንግዳ ነገር ነው ሊሉን አይችሉም። የጦብያ ውሻ ግን በእግሩ ነበር የሔደው። ወደ ብረት ሣጥን አግብቶ የሚዘጋበት ሰው ሌላ ዕዳ ይኖርበታል።

ዕዳውም ይህ ነው። ውሻው የሚቀመጠው ከኋላ ነው ፤ የማርሚታው ጫፍም ከዚያው አጠገብ ነው። በአሮጌ አውቶሞቢል የኋላ በር ጎማ ስለሚያልቅና ማርሚታው ስለሚቀደድ ፥ በተለይም የኋላው መስኮት ተከፍቶ ሲሔድ ፥ ነፋሱ ጢሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም ፤ ደሙ አየር እንዳይሸከም እያደረገ ይገድላል። አስቀድሞ የሚያገኘው ውሻውን ነው ፤ በዚያው በኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ልጆችም አይምርም። የበሩን ጎማ ለመመርመር ብልኀት አለ ፤ በሌሊት በአውቶሞቢሉ ውስጥ ፋኖስ አብርቶ በሩን ዘግቶ ከውጭ መመልከት ነው። ብርሃን በወጣበት ስንጥቅ ጢስ ሊገባ ይችላልና ጎማው ይለወጥ።

ደግሞም ውሻውን ሳያስሩ መጫን አደገኛ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሔድ አውቶሞቢል በድንገት ከግንብ ጋራ ቢጋጭ ፥ በውስጡ ያለው 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ10 ሜትር ያኽል ከፍታ እንደ ወደቀ ሆኖ በፊተኞቹ ሰዎች ማጅራት ላይ ይወረወራል። አሮጌዎቹ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ የኋላ ወንበራቸው በጎን በኩል ስለ ሆነ ማሰሪያ ቀበቶ የላቸውም። በፒክአፕ ስፖንዳ ላይ በአንገቱ ታስሮ የሚቆመው ውሻ ደግሞ ዘሎ የወረደ እንደ ሆነ በገመዱ ይታነቃል። ከፊተኛው ወንበር በስተኋላ የሽቦ መከለያ አስበይዶ ፥ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ማሰር ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ባለቤቱ ገበያ ገብቶ ውሻውን በፀሐይ በቆመ ዝግ አውቶሞቢል ውስጥ መተዉም ጭካኔ ነው። በውጭ የሚነፍሰው አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም እንኳ በ1 ሰዓት ውስጥ የውስጡ ሙቀት 20 ዲግሪ ያኽል ይጨምራል ፤ ውሻም እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ ላብ አያወጣም ፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው የሚበርደው። መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም ብዙ አይረዳም።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። የአሮጌ ራዲያተር ውሃ ያንጠባጥባል ፤ በውሃውም ላይ የሚጨመረው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው መድኀኒት ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻ ይልሰዋል ፤ ጥቂቱም ኵላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ብዙ አንናገርም። ሰው ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚድንበት መንገድ የለም ለማለት ይቻላል ፤ ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ከልጆች ጋራ በአንድ አውቶሞቢል ሊጫን አይገባም። የተነከሰም ሰው ቍስሉን 15 ደቂቃ ያኽል በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሒድ። በዚህ ነገር ካህናቱ በየአጥቢያቸው ቢናገሩ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማሉ።

ለሹማምንቱ ደግሞ አንድ ነገር እናሳስባለን። አውቶሞቢሎች በየዓመቱ ሲመረመሩ መብራቱና ፍሬኑ ይታያል ፤ የኋላ በሩ ጎማና የማርሚታው መገጣጠሚያም ዕድሜው ከ20 ዓመት ባለፈ አውቶሞቢል ሁሉ አብሮ ቢታይ መልካም ነው። ያልታሰረ እንስሳም እንዳልታሰረ ጭነት ቢቈጠር የትራፊክ ፖሊሱ የሚናገረው ሕግ ይኖረዋል። ይህ ድኻውን ባለ አውቶሞቢል ያስቸግራል የሚል አለ ፤ ነገር ግን የበር ጎማና የሽቦ መከለያ ዋጋቸው ከአንድ ቀለም ቅብ ያነሰ ነው። የመንግሥት አውቶሞቢል የሹሙ ውሻ መንሸራሸሪያ እንዳይደለ ግን በዚህ ጽሑፍ መናገር የሚያሻን አይመስለንም።