መጀመሪያ አንዷን ቁልፍ አሠሩት

ወዳጆቼ፣ ኬንቲሽ ታውን ጣቢያ አጠገብ ሥራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባሕር ዳር ያለው የእህቴ ልጅ ትናንት ደወለ። «ጋሼ፣ የዌብ ሰርተፊኬቴን አገኘሁ!» ደስ አለኝ። «እስቲ ስነካው ፓውንዱን ወደ ብር የሚቀይር አንድ ቁልፍ ሠርተህ ላክልኝ» ብለው ዝም አለ። ሦስት ወር ቪዲዮ አይቷል፣ ፈተና አልፏል፤ ሠርቶ ግን አያውቅም። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተማረበት መንገድ ነው ችግሩ።

እኔም እዚህ አንድ የቅዳሜ ክላስ ገብቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኢንተርኔት ታሪክ! በሦስተኛው ቀረሁ። ያስተማረኝ የ13 ዓመት ልጄ ነው። (እንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች ከ5 ዓመታቸው ኮምፒውቲንግ ይማራሉ።) «አባ፣ የታክሲህን ሂሳብ እንሥራ» አለኝ። ሁለት ሳጥን፣ አንድ ቁልፍ፤ የጠዋቱንና የማታውን ገቢ ይደምራል። 40 እና 5 ስጽፍለት 405 አለኝ። ምነው እውነት በሆነ! ለካ ሳጥን ውስጥ የገባ ነገር ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር ነው ብለህ ካልነገርከው ጎን ለጎን ይለጥፈዋል። እስከ እኩለ ሌሊት ፈልገን ያገኘናትን ይህችን ነገር መቼም አልረሳትም።

ደግሞ ስሞቹን በፊደላችን መስጠት ይቻላል። ገቢ፣ ነዳጅ፣ ትርፍ ብለን ጻፍን፤ ሠራ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ብራውዘሩ ራሱ ያውቀዋል። ለምን ይሆን ይህን ለጀማሪ የማይነግሩት? ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ግን ለመነሻ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፣ ይለመዳሉ።

አገር ቤት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ። በነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ከሰርተፊኬቱ ቁጥር ይልቅ ስንቱ ልጅ በእጁ የሠራው፣ ለቤተሰቡ የሚጠቅም አንድ ገጽ እንዳለው ነው መስማት የምፈልገው።

መሠረቱን ሳያውቅ ቁልፍ ምን ያደርግለታል የምትሉ አትጠፉም። እኛ መንዳት የተማርነው ሞተር ፈተን ነው እንዴ? ሲበላሽ ነው ኮፈኑን የከፈትነው።

ከልጁ ጋር ቅዳሜ በቴሌግራም እንጀምራለን። የሚሠራው የእናቱን የበርበሬ ዋጋ ማስያ ነው፤ ኪሎውን ስታስገባ ብሩን ይነግራታል። ኮድ የምታውቁ ወገኖች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ እኔ ከማባዛት አላልፍም። ስልኬ ጮኸ፣ ተሳፋሪ መጣ።