ራስ-ሰር መሣሪያ የጫጫን አየርም ይለካ

በ1987 እ.ኤ.አ. የተገኘው የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ከ92 ኬልቪን ገደማ በታች ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ያስተላልፋል። ይህ ባሕርዩ ግን በኦክስጅን ይዘቱ ይወሰናል፤ በቀመሩ ያሉት የኦክስጅን አተሞች ከሰባት ወደ ስድስት ሲወርዱ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይጠፋል። ስስ ፊልሙ ሲሠራ ሙቀቱንና ግፊቱን ራስ-ሰር መሣሪያ እንዲቆጣጠር የሚደረገውም ስለዚህ ነው።

ይሁንና መሣሪያ የተሰጠውን መመሪያ ከመድገም አያልፍም። በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈው ‹‹ፊልሙ በከባቢ አየር ግፊት በኦክስጅን ውስጥ ይቀዝቅዝ›› የሚል መመሪያ ከ2,700 ሜትር በላይ በምትገኘው ጫጫ ሌላ ትርጉም አለው። በዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ አይሞላም። የፊልሙ መፈተኛ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን እንኳ በ77 ሳይሆን በ75 ኬልቪን አካባቢ ይፈላል።

ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በመሰል ደጋማ ከተሞች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲመርጡ፣ ከፍጥነቱ አስቀድመው ፍጹም ግፊትን መለካቱንና መመሪያውን ተመራማሪው ሊያሻሽለው መቻሉን ሊጠይቁ ይገባል። የግፊት መለኪያ ዋጋ ከሌዘሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መለኪያው ከጎደለ ግን የአየሩ ልዩነት የተማሪው ስሕተት መስሎ ይመዘገባል።