ከበሮው ሐውልት አይደለም!

«የቤተ መንግሥት ሙዚቃ የፊውዳል ቅሪት ነው፤ ሙዚየም ይግባና እንገላገል» የምትሉ ጓደኞቼ፣ እስቲ አንዴ ኮንጎ እንውረድ።

በክዋንጎ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ያካዎች ንጉሣቸውን ኪያምፉ ይሉታል፤ ዘሩ ከሉንዳ ይመዘዛል። የነብር ቆዳና ጥርስ የሹመት ምልክት ነው። በመካከለኛው አፍሪቃ ነገሥታት ዘንድ ምላስ የሌለው ጥንድ የብረት ደወልም እንዲሁ የሥልጣን ምልክት ነበር። በዱላ ይመታል እንጂ አይሰቀልም!

ከያካ ዕቃ ሁሉ አውሮፓን ያስጎመጀው ግን የንጉሥ እንኳ አይደለም፤ የአዋቂው ነው (ጠንቋይ አትበሉብኝ)። ከአንድ እንጨት ተቦርቡሮ ጎኑ በጠባቡ የተሰነጠቀ፣ ጫፉ ላይ የሰው ራስ የተቀረጸበት ከበሮ። አዋቂው እየመታው ይናገራል፣ መድኃኒት ይይዝበታል፣ ሲያሻው ይቀመጥበታል። በመስታወት ውስጥ ግን «ቅርጻ ቅርጽ» ሆኖ ዝም ብሏል። ዱላውስ? መቺውስ?

ደግሞስ የማን ሙዚየም? ብራስልስ አጠገብ ቴርቩረን ያለው፣ ከ2ኛው ሊዮፖልድ የ1897 ኤግዚቢሽን የተወለደው፣ ስሙ ዛሬም «ንጉሣዊ» ነው። ከኪያምፉ ነጥቃችሁ ለሌላ ንጉሥ ልትሰጡ ኖሯል! በ1922 አይደለም፣ በ2022 ንጉሥ ፊሊፕ የያካ ጎረቤት የሆኑትን የሱኩዎችን ጭምብል፣ ካኩንጉን፣ ኪንሻሳ ይዘው ሄዱ። ምን ተባለ? «ላልተወሰነ ጊዜ ውሰት»። ለባለቤቱ ውሰት!

እንግዲህ መልሱልኝ፦ ከበሮው ቀን ወጥቶለት ቢመለስ የምትሰጡት ለሌላ መስታወት ነው ወይስ ለመቺው?