ጎማው ምን በደለ?

«ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ።» የመኪና አደጋ ዜና በሰማን ቁጥር ይህችን ዓረፍተ ነገር ለምደናታል። ባለንብረቱ ንጹሕ፣ ጋራዡ ንጹሕ፤ ወንጀለኛው አፍ የሌለው ጎማ! እኔ ዛሬ ለጎማው ጥብቅና ልቆም ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ብረትና ስለታም ድንጋይ ጎማ እንደሚጥል አልክድም። ግን ስንቱ ጎማ ነው ከመፈንዳቱ በፊት ወራት ሙሉ «ኧረ እዩኝ!» ሲል የከረመው?

እስቲ በሒሳብ እንነጋገር። ጎማ ከቀጥታው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሲደርስ አምስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ በጎኑ ተጎተተ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በእጅ ሲዳስሱት እንደ መጋዝ ይቆረቁራል። ወደ ውስጥ ያዘመመ እንደሆነ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ የውስጥ ጎኑ ግን ሽቦው እስኪታይ ያልቃል። ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?

ባለንብረቱ ግን መፍትሔ አያጣም። «ወደ ኋላ አዙረውና ትንሽ ይሥራ!» ይላል። ያለቀ ጎማ ከኋላ ሲሆን ዝናብ በዘነበ ቀን የመኪናው ቂጥ ይከዳል፤ ፊት የገባው አዲስ ጎማም መሪው እስካልተስተካከለ ድረስ በተራው ይበላል። «ባላንስ አሠርቻለሁ» የሚሉም አሉ። ባላንስ የመሪ መንቀጥቀጥን እንጂ የጎማን አቅጣጫ አያቃናም። የላላ መገጣጠሚያ ሳይቀየር፣ የጎማ አየር ሳይለካ የሚሠራ አላይመንትም ቢሆን ገንዘብ መጣል ነው። ሠራሁ የሚል ጋራዥ ከመሥራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልክ በወረቀት ያሳየን!

«ጎማ ተወደደ እኮ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። ታዲያ የተወደደ ነገር ይጠበቃል ወይስ በየመንገዱ ይፋቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ያለው የአገሬ ሰው ምን ነካው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ መሪው ይስባል» ሲል «አንተ ደግሞ ወሬ አታብዛ፣ ገቢህን አስገባ» ይባላል። ተሳፋሪው ምንም ሳያውቅ ሒሳቡን ከፍሎ ይቀመጣል። ያ ጎማ ሲፈነዳ የሚጠየቀው፣ ያውም በሕይወት ከተረፈ፣ ሾፌሩ ነው።

ስለዚህ «ጎማ ፈነዳ» በሚለው ዜና ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ፦ መሪው መሳብ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነበር? ሰምቶ ዝም ያለውስ ማን ነው?