ግብር የለም፣ ጡረታም የለም

በሳዑዲ፣ በኩዌትም ሆነ በኳታር ከቤት ሠራተኛ ደሞዝ ላይ ግብር አይቆረጥም። በ1,000 ሪያል የተዋዋለች እህት 1,000 ሪያል ሊደርሳት ይገባል። አሠሪ ወይም ኤጀንሲ «የመንግሥት ግብር ነው» ብሎ ቢቀንስባችሁ እንዲህ ያለ ግብር የለም። የኢቃማ ማሳደሻም የአሠሪው ወጪ ነው። ግብር የምትከፍሉት ሱቅ ስትገቡ ነው፤ ሳዑዲ ውስጥ በአብዛኛው ዕቃ ዋጋ ላይ 15 በመቶ አለ።

ደስ ይላል። ግን አገር ቤት ያለ የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ሲቆረጥበት ጡረታው ይጠራቀምለታል። ለእናንተ ማንም አያጠራቅምም። አሥር ዓመት ሠርታችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ጡረታ የለም። በሕግ ያላችሁ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ነው፤ እሱንም ሳይጠይቁ ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡ ብዙ ናቸው።

ኩዌት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ ይሰጣል። ደሞዟ 90 ዲናር የሆነ እህት አራት ዓመት ከሠራች 360 ዲናር ነው። የኳታር ሕግ ለአንድ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደሞዝ ይላል። ሳዑዲ ትሰስታለች፦ አንድ ቤት አራት ዓመት በተከታታይ ለሠራች የአንድ ወር ደሞዝ ብቻ። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር የሞላት እህት ቤት ከመቀየሯ በፊት ይህን ታስብበት። የምትደበደብበት ቤት ከሆነ ግን ለአንድ ወር ደሞዝ ብላ አትቆይ።

ይህን ገንዘብ ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋል። ደሞዝን በእጅ መቀበል፣ ይባስ ብሎም «መዳም ዘንድ ይቀመጥልኝ» ማለት ማስረጃ ያሳጣል። በባንክ ይግባልኝ በሉ፤ ሳዑዲ ውስጥ ይህ በሙሳነድ በኩል ግዴታ ሆኗል። የኮንትራታችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አኑሩ። በመሄጃው ቀን «ሁሉን ተቀብያለሁ» የሚል የዐረብኛ ወረቀት ከቀረበላችሁ ሳታስነብቡ አትፈርሙ።

ወደ አገር ቤት የሚላከውስ? ብዙዎቻችሁ ሁሉንም በወንድም ወይም በእናት ስም ትልካላችሁ። ቤቱ በወንድም ስም ይሠራል፣ ካርታውም በእሱ ስም ይወጣል። ስትመለሱ እንግዳ ትሆናላችሁ። ወንድም ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ ሚስት ያገባል፣ ይቸገራል፣ ይሸጣል። ለቤተሰብ የሚሆነውን ለይታችሁ ላኩ፣ የቀረውን በራሳችሁ ስም አስገቡ።

የኢትዮጵያ ባንኮች ውጭ ላለ ዜጋ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በዚያ ጊዜ በብር ያስቀመጠችና በዶላር ያስቀመጠች እህት ዛሬ እኩል አይደሉም። ሂሳቡን ለመክፈት ፓስፖርት ትጠየቃላችሁ፤ መዳም ዘንድ ከሆነ ከአሁኑ ጠይቋት፣ ፓስፖርታችሁን መያዝ የእናንተ መብት ነው።